የስቱዋርትዎን መንኮራኩር የበላው ማጣበቂያው ሳይሆን ሰንሰለቱ ነው

ጥያቄ፦ «ከስምንት ዓመት በፊት በ1፡35 መጠን (ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያነሰ) የተሠራ የኤም3 ስቱዋርት ቀላል ታንክ የፕላስቲክ ሞዴል ገጣጥሜ፣ ቀብቼ መስታወት ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። ሰሞኑን አቧራውን ላራግፍ ሳነሣው ላስቲክ የሚመስለው ሰንሰለት ከመንኮራኩሮቹ ጋር ተጣብቋል፤ ሰንሰለቱ የነካቸው ቦታዎች ሁሉ እሳት እንዳየ ሰም ቀልጠዋል። ርካሽ ማጣበቂያ ስለተጠቀምኩ ይሆን? ወይስ የክፍሉ ሙቀት ነው? ያልተከፈተ ሌላ ተመሳሳይ ኪት (ያልተገጣጠመ ሞዴል ከነሣጥኑ) አለኝ። ጓደኞቼ ‹ላስቲኩን ጥለህ አንድ በአንድ የሚሰካካ የብረት ሰንሰለት ግዛ፤ በላስቲክ የሚሠራ ሞዴል ሠሪ የለም› ይሉኛል። ልግዛ? የድሮውንስ ማዳን ይቻላል?»

ምላሽ፦ ማጣበቂያው ጥፋት የለበትም። የሞዴል ማጣበቂያ ፕላስቲክን የሚያቀልጠው ውስጡ ያለው ፈሳሽ ተኖ እስኪያልቅ ድረስ ነው፤ ይህም የሰዓታት፣ ቢበዛ የጥቂት ቀናት ጉዳይ ነው። ዓመታት ቆይቶ ተነሥቶ መንኮራኩር አይበላም። ቢበላ ኖሮ ጉዳቱ የሚታየው ክፍሎቹ በተጣበቁበት መገጣጠሚያ ላይ ነበር። እርስዎ የሚነግሩኝ ግን ሰንሰለቱ የነካው ቦታ እንደቀለጠ ነው፤ ወንጀለኛው ያለው እዚያው ነው።

ሰንሰለቱ የተሠራው ከቪኒል፣ ማለትም ከፒቪሲ ነው። ፒቪሲ በተፈጥሮው ድርቅ ያለ ነገር ነው፤ የውሃ ቧንቧ የሚሠራበት ፕላስቲክ መሆኑን ያስታውሱ። እንደ ቀበቶ እንዲተጣጠፍ የሚያደርገው ፋብሪካው ውስጥ የሚጨመርበት ዘይት መሰል ማለስለሻ ኬሚካል ነው። ይህ ማለስለሻ ከፒቪሲው ጋር በኬሚካል አልተሳሰረም፤ ስፖንጅ ውስጥ እንዳለ ውሃ ሰፍሮ የተቀመጠ ነው። ስለዚህ መውጫ ሲያገኝ ይወጣል። መንኮራኩሮቹና የታንኩ አካል የተሠሩበት ፖሊስታይሪን ደግሞ እንዲህ ያለውን ኬሚካል ጠጥቶ የሚለሰልስ ፕላስቲክ ነው። ሁለቱ ተነካክተው ለዓመታት ሲቀመጡ ማለስለሻው ከቪኒሉ እየወጣ ወደ መንኮራኩሩ ይገባል። ቪኒሉ እየደረቀና እየተሰባበረ ሲሄድ መንኮራኩሩ እያደር ይሟሟል። ሰንሰለትዎን ነካ ሲያደርጉት ከድሮው የጠጠረ ሆኖ ካገኙት ማስረጃዎ እሱ ነው።

ሙቀቱን በተመለከተ ግማሽ እውነት አለዎት። ሙቀት ምክንያት አይደለም፤ አፋጣኝ ነው። ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥም ይሆን የነበረውን ነገር ፀሐይ የሚያገኘው መስታወት ቁም ሣጥን ያፈጥነዋል። ከሙቀት ይልቅ የሚከፋው ግን ውጥረት ነው። የቪኒል ሰንሰለት ትንሽ ካጠረ መንኮራኩሮቹን እንደ ላስቲክ ወጥሮ ይይዛቸዋል፤ ጫናው የበረታበት ቦታ ላይም ማለስለሻው ጠልቆ ይገባል። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚበላው የፊተኛው ጥርሳም መንኮራኩርና የኋለኛው ትልቁ መንኮራኩር የሆነው ሰንሰለቱ እነሱ ላይ ስለሚጠመዘዝ ነው።

«ቀለም ቀብቼው ስለነበር ይከላከልልኛል» የሚል ሐሳብም ሰዎች ዘንድ አለ። ቀለም ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም። እንዲያውም ቪኒል ላይ የተቀባ የኢናሜል ቀለም ማለስለሻው ከሥሩ ስለሚያረጥበው ወራት አልፎትም እጅ ላይ የሚጣበቅበት ጊዜ አለ።

እዚህ ላይ ለቪኒሉ አንድ ነገር ልመስክርለት። ይህ ሰንሰለት በስንፍና የመጣ አይደለም። የጃፓኑ ሞዴል አምራች ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው የፓንተር ታንክ ሞዴል በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሄድ ነበር፤ 1፡35 የሚባለው መጠንም የመጣው ባትሪና ሞተር ሊይዝ የሚችል አካል ከማስፈለጉ ነው። ምንጣፍ ላይ ለሚሄድ ታንክ የሚዞር፣ የሚለጠጥ፣ የማይበጠስ ቀበቶ ያስፈልገዋል፤ ቪኒል ለዚያ ተስማሚ ነበር። ሞተሩ ከኪቶቹ ወጥቶ ሞዴሉ የመደርደሪያ ጌጥ ሲሆንም ቀበቶው ለብዙ ዓመት አብሮ ቀረ። ችግሩ የመጣው ለመሄድ የተሠራው ነገር ለዘመናት ቁጭ እንዲል ስለተደረገ ነው።

ደግሞ ለስላሳ የሆነ ሁሉ ጎጂ አይደለም። በመንኮራኩር ውስጥ የሚገቡት ትንንሽ ለስላሳ ቀለበቶች ብዙውን ጊዜ ፖሊኢትሊን ናቸው፤ ማለስለሻ ስለሌለባቸው ምንም አያደርጉም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የሚወጡ አንዳንድ ለስላሳ ሰንሰለቶችም በተለመደው የሞዴል ማጣበቂያ እንዲጣበቁ ተደርገው ከሌላ ዓይነት ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። ያልተከፈተው ኪትዎ ውስጥ ያለው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። ከሰንሰለቱ ዳር ትርፍ የሆነችውን ቁራጭ ቆርጠው ውሃ ላይ ይጣሉት። ከተንሳፈፈ የፖሊኢትሊን ወገን ነው፤ ጉዳት የለውም፣ ማጣበቂያም አይዘውም። ከሰጠመ ቁራጩን ክፍሎቹ ተያይዘው ከሚመጡበት የፕላስቲክ ዘንግ ትራፊ ጋር አጥብቀው በክር ያሥሩና ሞቅ ያለ ቦታ ላይ ለጥቂት ሳምንታት ይተዉት። ሲፈቱት ዘንጉ ላይ የሰንሰለቱ ቅርጽ ታትሞ ወይም ላዩ ተለጣጥፎ ካገኙት መልሱ ግልጽ ነው። ምልክት ካልተገኘ ግን ገና ነጻ ነው ብለው አይደምድሙ፤ አንዳንዱ ቀስ ብሎ የሚሠራ ነውና ኪቱ አሮጌ ከሆነ እንደ ቪኒል ቆጥረው ይያዙት።

አሁን ወደ ብረቱ ሰንሰለት ልምጣ። ጓደኞችዎ የሰጡዎት ምክር ለሌላ ታንክ ትክክል ነው፤ ለስቱዋርት ግን ስሕተት ነው። ምክንያቱ ያለው እውነተኛው ታንክ ላይ ነው።

የብረት ሰንሰለት የሚገዛው በክብደቱ ራሱ ወደ ታች ስለሚረግብ ነው። በጀርመኑ ፓንዘር 38(ቲ)፣ በሶቭየቱ ቲ-70 ወይም በጃፓኑ ዓይነት 95 ላይ የሰንሰለቱ ክፍሎች ደረቅ ብረት ሆነው በፒን የተያያዙ ናቸው፤ ላይኛው መስመር ከሥር በሚደግፉት ትንንሽ ተሽከርካሪዎች፣ በሮለሮቹ፣ መካከል እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ረገብ ይላል። ያንን እርግብታ በተወጠረ ቪኒል ማምጣት አይቻልም፤ ታንኩ ሁሉ አሻንጉሊት ይመስላል። እዚያ ላይ ብረት ወይም አንድ በአንድ የሚሰካካ ሰንሰለት ወጪውንም ድካሙንም ይክሳል።

ስቱዋርት ግን አሜሪካዊ ነው፤ የአሜሪካ ሰንሰለት ጠባዩ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ጎማ የለበሰ ብሎክ ነው። ብሎኮቹን በሁለቱ ዳር የሚያያይዛቸው የብረት ማገናኛ ሲሆን፣ ፒኖቹ የገቡት በጎማ እጅጌ (ቡሽ) ውስጥ ነው። ጎማው ራሱ መታጠፍን ስለሚቃወም፣ ሰንሰለቱም ተወጥሮ እንዲሄድ ስለተሠራ ላይኛው መስመር በሦስቱ ሮለሮች ላይ ቀጥ ብሎ ነው የሚያልፈው። የተረገበ ሰንሰለት ያለው ስቱዋርት ቢሠሩ ሊሰበር የደረሰ ታንክ ሠሩ ማለት ነው። የብረት ሰንሰለት ገዝተው ክብደቱ ወደ ታች ሲጎትተው እርስዎ በሽቦና በሱፐር ግሉ ወደ ላይ ሊያቀኑት ሊታገሉ ነው፤ ያውም በቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ላይ።

ሌላም ነገር አለ። በስቱዋርት የኋለኛው ትልቅ መንኮራኩር እንደ ብዙዎቹ ታንኮች አየር ላይ የተንጠለጠለ አይደለም፤ ወደ ኋላ በተዘረጋ ክንድ ተይዞ መሬት ላይ ያረፈ ነው፤ የታንኩን ክብደትም ይካፈላል። ያጠረ የቪኒል ሰንሰለት ይህን ክንድ ወደ ላይ ይስበዋል፣ መንኮራኩሩም ከመሬት ይነሣል። በብዙ የተገጣጠሙ ስቱዋርቶች ላይ የማየው ትልቁ ስሕተት ይኸው ነው፤ ዓይን የሚከፋውን ነገር ያያል እንጂ ምን እንደሆነ አይለየውም። የድሮ ሞዴልዎን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጠው ከጎን ይዩት፤ በኋለኛው መንኮራኩር ሥር ብርሃን የሚያልፍ ከሆነ ሰንሰለቱ አጥሮ ነበር።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው፦ ላልተከፈተው ኪት ከፊል ረጃጅም ከፊል ነጠላ ሆኖ የሚመጣ የጠንካራ ፕላስቲክ ሰንሰለት ይግዙ። የላይኛውና የታችኛው ቀጥ ያለ መስመር እንደ አንድ ቁራጭ ይመጣል፤ ነጠላዎቹ ክፍሎች የሚያስፈልጉት በፊተኛውና በኋለኛው መንኮራኩር ዙሪያ ለሚጠመዘዘው ብቻ ነው። ለስቱዋርት ቀጥ ያለ መስመር ከዚህ የተሻለ የሚስማማው የለም። ራሱ ፖሊስታይሪን ስለሆነ ሌላውን ፖሊስታይሪን አይበላም፣ በተለመደው ማጣበቂያ ይያያዛል፣ ቀለም ይይዛል። ከመግዛትዎ በፊት ለየትኛው ታንክ እንደተሠራ ያረጋግጡ። የእውነተኛው ስቱዋርት ሰንሰለት ስፋት 295 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ለ35 ሲካፈል 8.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በካሊፐር ሲለኩት ከዚህ በእጅጉ የራቀ ከሆነ ለሌላ ታንክ የተሠራ ነውና ይተዉት። በስሪዲ (3D) ማተሚያ የሚታተሙት የሬዚን (ከፈሳሽነት የሚጠነክር ሙጫ መሰል ፕላስቲክ) ሰንሰለቶችም ቅርጻቸው የሚያስደንቅ ነው፤ ግን ተሰባሪ ናቸው፣ በደንብ ሳይደርቁ የተሸጡት ደግሞ ላያቸው እያላበ ይቆያል። ለመጀመሪያ ሙከራ አልመክራቸውም።

አገጣጠሙ ላይ ሰው የሚሳሳተው በችኮላ ነው። መንኮራኩሮቹን ሳያጣብቁ በዘንጋቸው ላይ ብቻ ይሰኳቸው። ነጠላዎቹን ክፍሎች በማስመሪያ ጠርዝ ላይ በተለጠፈ ማጣበቂያ ፕላስተር ላይ በረድፍ ደርድረው ቀጭኑን ፈሳሽ ማጣበቂያ በብሩሽ ጫፍ ያስነኳቸው። ከዚያ ይተዉት። ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ባለው ጊዜ ረድፉ ተያይዞ ግን ገና ይታጠፋል፤ መጠምዘዣው ሰዓት ያ ነው። ቀድመው ካነሡት ይበታተናል፤ ካሳለፉት ይሰነጠቃል። በመንኮራኩሩ ላይ ጠምዝዘው ከረጃጅሞቹ ጋር ካገናኙት በኋላ በስፖንጅ ቁራጭና በክር ደግፈው አንድ ሌሊት ያሳድሩት። መጋጠሚያውን አንድ ቦታ ላይ ሳያጣብቁ ቢተዉት ሰንሰለቱ ከነመንኮራኩሩ እንደ አንድ ዕቃ ይወጣና ለብቻው ይቀባል።

በዚያ ሁሉ መሐል አዲሱ ኪት ያለበትን ሣጥን ዛሬ ይክፈቱት። ቪኒሉ ከሌሎቹ ክፍሎች ጋር በአንድ ፌስታል ውስጥ ከታሸገ ሳይገጣጠም በፊትም ሥራውን ይሠራል። ያልተነካ ኪት ገዝቼ ስከፍተው የሰንሰለቱ ቅርጽ በታንኩ ጣሪያ ላይ ታትሞ ያገኘሁበት ጊዜ አለ፤ ሣጥኑ ሳይከፈት ነው የተበላሸው። ሰንሰለቱን አውጥተው በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልለው ከሣጥኑ ውጭ ያስቀምጡት። ቪኒሉን ራሱን መጠቀም ግድ ከሆነብዎ ደግሞ ረዘም እንዲልና እንዳይወጥር ያድርጉት፤ ብዙ መመሪያዎች እንደሚሉት ጫፎቹን በጋለ ካቻቢቴ አያቅልጧቸው። የሚቃጠል ፒቪሲ ሳንባና ዓይን የሚያቃጥል የአሲድ ጢስ ያወጣል። በቀጭን ሽቦ ሰፍተው መጋጠሚያውን ከላይ ፓራፋንጎው ሥር ይደብቁት። እንዲህም ሆኖ ያ ሞዴል ዕድሜው የተቆጠረ ነው።

የድሮውን ማዳን ይቻላል፤ ነገር ግን ሰንሰለቱን አይጎትቱት። ሲጎትቱት የለሰለሰውን ፕላስቲክ አብሮ ይዞት ይመጣል። በአዲስ ምላጭ በመንኮራኩሮቹ መካከል ባለው ክፍተት ቆራርጠው ቁርጥራጮቹን አንድ በአንድ በወረንጦ ያላቅቋቸው። የሚያጣብቀውን ቅሪት በሞቀ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይጠቡት፤ ቲነር አያስነኩት፤ የለሰለሰ ፕላስቲክ ላይ ቲነር ማፍሰስ ጉዳቱን መጨረስ ነው። ከዚያ አየር በሚያገኝ ቦታ ለጥቂት ሳምንታት ይተዉት። ላዩ በመጠኑ ይጠነክራል፤ ወደ ቀድሞው ግን አይመለስም። ስለዚህ የተለጣጠፈውን ንብርብር ጠንካራው ፕላስቲክ እስኪገኝ ድረስ በምላጭ ፍቀው በሁለት ክፍል ተቀላቅሎ በሚደርቅ የኢፖክሲ ስቱኮ ይሙሉት። ከቱቦ የሚወጣውን የተለመደ የሞዴል ስቱኮ አይጠቀሙ፤ እሱ ራሱ ፕላስቲክ የሚያሟሟ ፈሳሽ አለበት። ሲደርቅ በውሃ በተነከረ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ያስተካክሉት።

ሁሉንም መንኮራኩር እንደ አዲስ ማድረግም ግድ አይደለም። የስቱዋርት ተሸካሚ መንኮራኩሮች ጎማ የለበሱ ናቸው፤ እውነተኛዎቹም በድንጋያማ መሬት ላይ ጎማቸው እየተቦጨቀ ይሄዱ ነበር። ጉዳቱ ጥልቀት ከሌለው አንዱን ወይም ሁለቱን ጠርዙን በሞረድ አስተካክለው የተቦጨቀ ጎማ አድርገው ሊያሳዩት ይችላሉ። ስምንቱም የተቦጨቁ ከሆኑ ግን ማንም አያምንም። ጉዳቱ መንኮራኩሩን አልፎ ዘንጉንና የሞላ (ስፕሪንግ) መያዣውን ከነካ ከላይ የተነገረው ጥገና አይበቃም፤ ከሬዚን የተሠራ የመንኮራኩር ስብስብ ገዝተው ይለውጡ፣ የተበላውን ዘንግ በቀጭን የናስ ሽቦ ይተኩ። ሬዚን ሲሞርዱና ሲቆርጡ ውሃ ያስነኩት፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛም ያድርጉ፤ አቧራው ለሳንባ መጥፎ ነው። አዲሱን ኪት አፍርሰው ለድሮው መለዋወጫ እንዲያደርጉት ግን አልፈቅድልዎትም።

ሰንሰለቱም ለድሮው ሌላ መግዛት ካልፈለጉ አንድ መውጫ አለ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1941 ስቱዋርትን በሰሜን አፍሪካ በረሃ ወደ ውጊያ ሲያስገቡት አሸዋውን እንዲከላከል በጎኑ ላይ ረዥም የቆርቆሮ መሸፈኛ ገጥመውለት ነበር። ያንን ከቀጭን የፕላስቲክ ወረቀት ቆርጠው ቢሠሩ ላይኛው የሰንሰለት መስመር ከነሮለሮቹ ይሸፈናል፤ የሚታየው የታችኛው ብቻ ስለሚሆን ጥገናው በግማሽ ይቀልልዎታል። ቀለሙ ግን የበረሃ መሆን አለበት፤ ከተለመደው የአሜሪካ አረንጓዴ ጋር አያዋሕዱት።

አቀባቡ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው፣ መመሪያው ላይ የብረት ቀለም የሚል ቢጻፍም ሰንሰለቱን በሙሉ ዝገት ወይም ብርማ አያድርጉት። የምንቀባው ጎማ ነው፤ መሬት ቀለም የለበሰ ጥቁር ግራጫ ይሁን። የሚያብለጨልጨው ዳርና ዳር ያሉት የብረት ማገናኛዎች ብቻ ናቸው፤ ጥርሳሙ መንኮራኩር የሚይዘው እነሱን ስለሆነ በእርሳስ ጫፍ ጠርዛቸውን ፈግ ማድረግ ይበቃል። በኋለኞቹ የታንኩ ዓይነቶች ላይ ፊቱ ብረት የሆነ ሰንሰለትም ስለወጣ፣ የሚሠሩትን ታንክ ፎቶግራፍ አይተው ይወስኑ። ሁለተኛው፣ ጥላና አቧራ ለማስመሰል የሚፈሰውን በኢናሜል ቲነር የቀጠነ ቀለም በመንኮራኩሮቹ ዘንግ ዙሪያ እንዲያቁር አያድርጉ። ተወጥሮ ወይም ተገዶ የገባ ፕላስቲክ ስንጥቅ ውስጥ ቲነር ሲገባ ያለ ምንም ንክኪ ይሰነጠቃል፤ ታንኩ ጠዋት ላይ ክንዱ ተሰብሮ ተኝቶ ይገኛል። መጀመሪያ መከላከያ ቫርኒሽ ቀብተው ያድርቁት፣ ፈሳሹን በትንሹ በብሩሽ ጫፍ ብቻ ያስነኩት፣ የተረፈውን ወዲያው በደረቅ ብሩሽ ያንሡት።